አሥራ ሁለት የሐዲድ ስፋት

(ድሬዳዋ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፤ ጡረተኛው የሐዲድ ጥገና ፎርማን ላቀውና የሟቹ ባቡር ነጂ የአበጋዝ ሚስት ይርገዱ፣ ግቢያቸውን በሚለየው ከደረት በማያልፍ ግንብ ግራና ቀኝ ቆመው።)

ይርገዱ፦ አፍርሰው አልኩህ፤ ዛሬውኑ።

ላቀው፦ አላፈርስም።

ይርገዱ፦ የቆመው ያንተ መሬት ላይ ነው እኮ።

ላቀው፦ ይቁም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆሞ ምን አደረገኝ?

ይርገዱ፦ ሃያ አራት ሴንቲ ሜትር ወዳንተ ገብቷል። የመሬት ቢሮው ልጅ በዚያች ቀይ መብራት በምትተፋ ዕቃው ለክቶ ነገረን አይደለም እንዴ? የኔ አሥራ ሁለት ሜትር ከሃያ አራት፣ ያንተ አሥራ አንድ ከሰባ ስድስት። ወረቀቱ ላይ ግን እኩል ለሁለት ነው የሚለው።

ላቀው፦ ልጁ ገና ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣ ነው።

ይርገዱ፦ ዕቃው ትምህርት ቤት አልገባም፤ ያየውን ነው የሚናገረው።

ላቀው፦ አቦ ይርገዱ፣ የሰው ጎረቤት መሬቴን ነጠቀኝ ብሎ ይጮሃል፤ የኔዋ ጨመርክብኝ ብላ ትጮሃለች። እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ በዚህ ሰፈር ሰምቼ አላውቅም።

ይርገዱ፦ የሰው ነገር ግቢዬ ውስጥ ሲያድር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ላቀው፦ በዚህ ግንብ ላይ እየዘለለ የሚመጣው ማንኮራፋት የማን ነበር ታዲያ?

ይርገዱ፦ የአበጋዝ።

ላቀው፦ አበጋዝ ከሞተ አሥር ዓመቱ።

ይርገዱ፦ ነገር አታዙር። ልጁ ከምሳ በኋላ ይመለሳል። ሁለት መንገድ ነው ያላችሁ ብሎናል። ወይ ግንቡ ፈርሶ እኩል ይሆናል፣ ወይ አንተ መሬቱን ለቅቄያለሁ ብለህ ትፈርማለህ፤ ግን ቅጹ ላይ «የልዩነቱ ምክንያት» የምትል መስመር አለች፣ እሷን መሙላት አለብህ። ዛሬ ካልሆነ ፋይላችን ክምሩ ውስጥ ይመለሳል። ካርታ ሳናይ ነው የምንሞተው።

ላቀው፦ እፈርማለሁ አላልኩም? ቅጹን ስጪኝ።

ይርገዱ፦ ምን ብለህ ልትሞላ?

ላቀው፦ የልኬት ስህተት።

ይርገዱ፦ የማን ስህተት?

ላቀው፦ ስህተት ነዋ፤ እንዲሁ ስህተት። ባለቤት የለውም።

ይርገዱ፦ ፎርማን ላቀው ለክቶ ተሳሳተ ሲባል ጣቢያው ምን ይላል?

ላቀው፦ ጣቢያው ተዘግቷል።

ይርገዱ፦ ጡረተኞቹ አልተዘጉም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በርጫቸው ላይ ተሰብስበው ይሄን ወሬ ካገኙ ጫቱንም ይረሱታል።

ላቀው፦ ለዚህ ነው ስህተት ብቻ ልበል የምልሽ። ሰው አይጠቀስም፤ አንቺ ካርታሽን፣ እኔ ካርታዬን።

ይርገዱ፦ ብረቱን አምጣው።

ላቀው፦ የምን ብረት?

ይርገዱ፦ ይሄን ግቢ የለካህበት ብረት። የሐዲድ መለኪያህ።

ላቀው፦ እሱማ ሥራ ላይ ነው።

ይርገዱ፦ ባቡሩ ከቆመ ስንት ዓመቱ፤ ምን ሥራ?

ላቀው፦ የበሬ መቀርቀሪያ ነው። እሱን ካነሳሁ በሩ አይዘጋም።

ይርገዱ፦ በጠራራ ፀሐይ ማን ሊገባብህ ነው? ገብቶስ ምን ሊወስድ?

ላቀው፦ ሬዲዮዬን።

ይርገዱ፦ ያንን ሬዲዮ የሚወስድ ሌባ ከተገኘ በሩን እኔ ራሴ እከፍትለታለሁ። ሂድ አምጣ።

ላቀው፦ ብረቱ ምን ያደርግልሻል? ወረቀቱ አለ።

ይርገዱ፦ ወረቀቱማ አለ። በገዛ እጅህ የጻፍከው። «ግቢዬን እኩል ለሁለት ከፍዬ ለወንድሜ ለአበጋዝ አሥራ ሁለት የሐዲድ ስፋት ሰጥቻለሁ።» አሁን ይሄ ምን የሚሉት አጻጻፍ ነው? አሥራ ሁለት ሜትር ብትል ምን ነበረበት?

ላቀው፦ ያኔ ሜትር የጨርቅ ሻጭ ነገር ነበር። እያንዳንዱ ሱቅ የራሱ ሜትር ነበረው፤ አንዱ ጋ ትረዝማለች፣ አንዱ ጋ ታጥራለች። የሐዲድ ስፋት ስትዪ ግን ማን ይከራከርሻል? ወጥተሽ ታዪዋለሽ፣ ጣቢያው ላይ ተዘርግታለች። አናጢው ሳይቀር ትዕዛዝ በሷ ነበር የሚቀበለን። በር አንድ ሐዲድ፣ ጠረጴዛ አንድ ሐዲድ። አልጋ ለወንደላጤ አንድ ሐዲድ፣ ላገባ ሰው ሐዲድ ተኩል።

ይርገዱ፦ ያንተ እስከዛሬ አንድ ሐዲድ ነው።

ላቀው፦ ይበቃኛል።

ይርገዱ፦ የመሬት ቢሮው ልጅ ግን ከአናጢዎቹ ጋር አላደገም።

ላቀው፦ እሱማ ስልኩን ጠየቀ።

ይርገዱ፦ ስልኩም የሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት ተኩል ነው አለው። አሥራ ሁለት ጊዜ ሲባዛ አሥራ ሰባት ሜትር ከምናምን። ኖራውን ይዞ ግቢህ ገብቶ ሲያሰምር አልጋህን ለሁለት ከፈለው እኮ።

ላቀው፦ ትራሱ የኔ፣ እግርጌው ያንቺ ሆኖ ነበር።

ይርገዱ፦ እግርህን ሰብስበህ ተኛ ልልህ ነበር።

ላቀው፦ ስቄ አስቆምኩት። ልጄ፣ ይሄ የነገረህ ስለ አዲሱ ባቡር ነው፤ የኛ አንድ ሜትር ነው አልኩት። ምን ብሎ እንደጻፈ ታውቂያለሽ? «አመልካቹ ሐዲዱ መደበኛ ሳይሆን ጠባብ እንደነበር ገልጸዋል።» እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?

ይርገዱ፦ ታዲያ ጠባብ አይደለም?

ላቀው፦ ከማን ጠቦ? ሠላሳ አራት ዓመት ስሠራበት አንድ ሰው ጠባብ ብሎት አያውቅም። ሐዲድ ነበር፣ በቃ። ነገሥታት ሄደውበታል፣ ሽንኩርትም ሄዶበታል። ሰፊው መጣና እኛ ጠበብን። ጎረቤትሽ ፎቅ ሲሠራ ያንቺ ቤት ያው ነው፤ ስሙ ነው የሚለወጠው። ደግሞ መደበኛ የሚሉት ለማን ነው? የደቡብ አፍሪካው መደበኛ ሌላ፣ የሩሲያው ሌላ። ሁሉም ያለውን ነው መደበኛ የሚለው።

ይርገዱ፦ ልጁ ይሄን ሁሉ ሰማ?

ላቀው፦ ሰማ። ከዚያ ስፋቱ ከብረቱ መሀል እስከ ብረቱ መሀል ነው ወይ አለኝ። አቃጠለኝ። ስፋት ማለት ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ነው። መንኮራኩሩ የሚነካው ውስጡን ነው። ውጪውን ማንም አይለካውም።

ይርገዱ፦ ውስጡን የሚያውቀው መንኮራኩሩ ብቻ ነው በለኛ።

ላቀው፦ አዎ፣ እንደዚያ ነው።

ይርገዱ፦ እስቲ አንድ ነገር አስተምረኝ። እኔ የባቡር ነጂ ሚስት ነኝ እንጂ የሐዲድ ሰው አይደለሁም። ስፋቱ ሁልጊዜ አንድ ሜትር ነው?

ላቀው፦ አንድ ሜትር ነው።

ይርገዱ፦ ሁልጊዜ?

ላቀው፦ ምን ማለትሽ ነው?

ይርገዱ፦ ሜዳውም ላይ፣ ኩርባውም ላይ?

ላቀው፦ ፀሐይዋ በረታች። ጥላ ስር ግቢ፣ ራስሽን ያምሻል።

ይርገዱ፦ ጥላው ያንተ ግቢ ነው ያለው። ጠየቅኩህ እኮ።

ላቀው፦ ኩርባ ላይ ትንሽ ይሰፋል።

ይርገዱ፦ ስንት?

ላቀው፦ እንደ ኩርባው ነው።

ይርገዱ፦ ጠንከር ያለው ኩርባ።

ላቀው፦ ሁለት ሴንቲ።

ይርገዱ፦ ለምን ይሰፋል?

ላቀው፦ ባልሽ ነግሮሽ የለ?

ይርገዱ፦ ነግሮኛል፤ የክብሪት እንጨት ትሪ ላይ ደርድሮ አሳይቶኛል። ካንተ አፍ ልስማው።

ላቀው፦ መንኮራኩሩ ሲታጠፍ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ካጣ ብረቱን እየፋቀ ሽቅብ ይወጣል።

ይርገዱ፦ ወጥቶስ?

ላቀው፦ ወጥቶማ ይወድቃል።

ይርገዱ፦ አሥራ ሁለት ጊዜ ሁለት ስንት ነው?

ላቀው፦ እንዴት ያለ ጥያቄ ነው?

ይርገዱ፦ ልጁ ሲመጣ ስልኩን ይጠይቅልን?

ላቀው፦ ሃያ አራት።

ይርገዱ፦ ሂድ ብረቱን አምጣ።

ላቀው፦ ይኸው አመጣሁ። በሩ ብርግድ ብሎ ቀረ፤ ሬዲዮው ቢጠፋ ባንቺ ነው።

ይርገዱ፦ ግንቡ ላይ አጋድመው። ይሄ ጫፉ አይንቀሳቀስም አይደል?

ላቀው፦ አይንቀሳቀስም።

ይርገዱ፦ ይሄኛው ላይ ያለችው ትንሿ ብረትስ?

ላቀው፦ ምላሷ ናት። ትንሸራተታለች። ሁለት ቦታ ትቆማለች፤ አንዱ ለቀጥታው፣ አንዱ ለኩርባው።

ይርገዱ፦ አሁን የት ናት?

ላቀው፦ ኩርባው ላይ። ዝጋ ይዟታል፣ አትንቀሳቀስም።

ይርገዱ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ላቀው፦ ይርገዱ፣ ብረት ነው። ብረት ይዝጋል።

ይርገዱ፦ የኔ ግቢ ኩርባ አለው እንዴ?

ላቀው፦ የለውም።

ይርገዱ፦ ታዲያ ምን አስቦ ሰፋልኝ?

ላቀው፦ ረስቼ ነው። ያን ቀን ከሥራ ነበር የመጣሁት፣ ኩርባ ላይ ስሠራ ውዬ። ምላሷን ሳልመልስ ለካሁ። ሰው አይረሳም?

ይርገዱ፦ ይረሳል። አመንኩህ።

ላቀው፦ አየሽ፣ ቀላል ነገር ነው።

ይርገዱ፦ እንግዲያው እሱን ጻፍልኝ። «ፎርማን ላቀው የመለኪያውን ምላስ ማዛወር ረስቶ ነው።» እንካ እስክሪብቶ።

ላቀው፦ እንደሱማ አይጻፍም።

ይርገዱ፦ ለምን? እውነት ነው አላልክም?

ላቀው፦ ሌላ ነገር ያስመስላል።

ይርገዱ፦ ምን ያስመስላል?

ላቀው፦ ሰው ያነበዋል። ግቢ ላይ የረሳ ሌላም ቦታ ይረሳል ይላሉ።

ይርገዱ፦ ሌላ ቦታ የት?

ላቀው፦ አንቺ ታውቂያለሽ።

ይርገዱ፦ አንተ ጥራው።

ላቀው፦ ግመል አንገት ኩርባ።

ይርገዱ፦ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስንጎራበት ዛሬ ገና ስሙን ጠራኸው። እኔ ፊት ሌላው ቀርቶ «ግመል» ማለት ትተህ ነበር። ወተቱን እንኳ «የዚያች ወተት» ነበር የምትለው።

ላቀው፦ ያ ነገር አልፏል። ሰው አልሞተም።

ይርገዱ፦ አልሞተም። የአበጋዝ ባቡር ሲገለበጥ ሁለት ፉርጎ ሽንኩርት ገደል ገባ፤ ከተማው ለቅሞት ሁለት ሳምንት ቀይ ወጥ በላ፣ አንተም በላህ። አንድ ግመል ደንግጦ ጠፋ፣ ባለቤቱ ካሳ ተከፈለው። አበጋዝ ደግሞ ከዋናው መስመር ተነሳ። ጅቡቲ ድረስ የሚነዳ ሰው ከዲፖ እስከ መጋዘን፣ አራት መቶ ሜትር ወደፊት፣ አራት መቶ ሜትር ወደኋላ። አሥራ አንድ ዓመት።

ላቀው፦ የወሰነው ኮሚቴው ነው።

ይርገዱ፦ ኮሚቴው እነማን ነበሩ?

ላቀው፦ የሒሳብ ሹሙ፣ የጥበቃ ኃላፊውና ካድሬው።

ይርገዱ፦ ከመሀላቸው ሐዲድ የሚያውቅ?

ላቀው፦ ኢንጂነሩ አዲስ አበባ ስብሰባ ሄዶ ነበር።

ይርገዱ፦ ምን ብለው ጠየቁህ?

ላቀው፦ አደጋው ከመድረሱ በፊት ያጠበቅከው ሐዲድ ስፋቱ ስንት ነበር አሉኝ።

ይርገዱ፦ አንተስ?

ላቀው፦ አንድ ሜትር።

ይርገዱ፦ እነሱስ?

ላቀው፦ «ልክ ነው» ብለው ጻፉ።

ይርገዱ፦ ልክ ነው ብለው ጻፉ።

ላቀው፦ የሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር መሆኑን ማን የማያውቅ አለ? አንቺም እኮ አሁን አንድ ሜትር ነው ስልሽ ተቀብለሽኝ ነበር። ካድሬው እንዲያውም ተነስቶ ጨበጠኝ። አንዲት ሚሊ ሜትር ያላዛነፈ ጓድ አለኝ።

ይርገዱ፦ አልዋሸህም።

ላቀው፦ አልዋሸሁም። እግዜር ፊትም ቆሜ እለዋለሁ። ስንት ነበር አሉኝ፣ የነበረውን ነገርኳቸው።

ይርገዱ፦ እኔን ሲያቃጥለኝ የኖረው እሱ ነው። ዋሽተህ ቢሆን ኖሮ ውሸታም ብዬህ እገላገል ነበር። አበጋዝንም ጠየቁት። ፍጥነትህ ስንት ላይ ነበር አሉት። ሠላሳ አለ። ሐዲዱ ልክ ከሆነ ፍጥነቱ ልክ አልነበረም ማለት ነው ብለው ስልሳ ብለው ጻፉለት።

ላቀው፦ ስልሳ መጻፋቸውን አላውቅም ነበር። በኋላ ነው የሰማሁት።

ይርገዱ፦ በኋላማ ሁሉም ሰማ። ሆስፒታል ተኝቶ ነርሷ ዕድሜህ ስንት ነው ስትለው «ሠላሳ ነበርኩ» አላት። የሰባ ሁለት ዓመት ሰው። ልጅቷ ሳቀች፣ እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ከዚያ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ላቀው፦ ይሄንን አልነገርሽኝም።

ይርገዱ፦ አንተስ ምን ነግረኸኝ ታውቃለህ?

ላቀው፦ የነጂዎቹን የድንጋይ ቤት ሲያስለቅቋችሁ ልጆችሽን ይዘሽ የት ልትገቢ ነበር? ግማሽ ግቢዬን ሰጠሁ። ማን ያደርገዋል?

ይርገዱ፦ ማንም አያደርገውም። ሰፈሩ በሙሉ ላቀው መልአክ ነው አለ። ቄሱ በስብከት መሀል ስምህን አነሱ። አንተ ያን ቀን ጫማህን ስታይ ነበር።

ላቀው፦ ስሜን አንሱልኝ አላልኩም።

ይርገዱ፦ አላልክም። ችካሉን የሚመታው ማን ነበር?

ላቀው፦ የቱን ችካል?

ይርገዱ፦ ግቢውን ስትለካ። አንተ ብረቱን እያነሳህ እያስቀመጥክ ትሄዳለህ፣ ከኋላህ ጫፉ ላይ ችካል የሚመታው ማን ነበር?

ላቀው፦ አበጋዝ።

ይርገዱ፦ ምላሷ በየት በኩል ነበረች?

ላቀው፦ በሱ በኩል።

ይርገዱ፦ እና የባቡር ነጂ፣ ያውም በዚያ ኩርባ የወደቀ ሰው፣ ምላሷ የት እንደቆመች የማያይ መሰለህ?

ላቀው፦ አላየም። ቢያይ ይነግረኝ ነበር።

ይርገዱ፦ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ «ዛሬ ላቀው ነገረኝ» አለኝ። ምን አለህ ብለው «ምንም አላለኝም፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ነገረኝ» አለ።

ላቀው፦ እንደሱ አለ?

ይርገዱ፦ እንደሱ አለ። በአፉ እስኪናገር እንዳትጠይቂው፣ ብትጠይቂው ከዚህ ሰፈር ይጠፋል አለኝ።

ላቀው፦ ያውቅ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚህ ግንብ ስር ተቀምጠን ዳማ ስንጫወት ያውቅ ነበር?

ይርገዱ፦ ያውቅ ነበር።

ላቀው፦ አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላጠቆረብኝም።

ይርገዱ፦ ይጠብቅህ ነበራ። አንተ አፍህን እንደ በርህ ቀርቅረህ ተቀመጥክ። እሱ ጠብቆ ሄደ፤ እኔ ግን የሱ ትዕግሥት የለኝም። የሃያ አራቱን ሴንቲ ነገር ልጁ ሲነግረን ፊትህን አየሁት። አንተም ሰልችቶሃል።

ላቀው፦ ረስቼ ነው ይርገዱ። በዚያኛው ቀን ማለቴ ነው፤ ግቢውንማ ሆን ብዬ ነው ያሰፋሁት። ሙሉ ቀን ሜዳው ላይ ስንሠራ ውለን ኩርባው ላይ ስንደርስ ደክሞኝ ነበር፤ ምላሷን ማዛወር ረሳሁ። ኩርባውን ከላይ እስከ ታች አንድ ሜትር አድርጌ አጠበቅኩት። በማግስቱ የወደቀውን ልንጠግን ስንሄድ ብረቱን ሳነሳ ነው ያየኋት። ዝም ብዬ አሰፋሁትና ተመለስኩ።

ይርገዱ፦ ዝም አልክ።

ላቀው፦ ያኔ ረሳሁ የሚባል ነገር አልነበረም። አሻጥር ነበር የሚሉት። በአሻጥር የተወሰደ ሰው ሲመለስ አይተሻል? ፈራሁ። ደግሞ አበጋዝን ሦስት ወር ቢቀጡት ነው ብዬ ነበር። ሦስት ወሩ ዓመት ሲሆን፣ ዓመቱ ሁለት ሲሆን እንዴት ብዬ ልጀምረው?

ይርገዱ፦ ያኔስ እሺ። ካድሬው ከሄደ ስንት ዓመቱ ነው? ከዚያ ወዲህ ማንን ፈራህ?

ላቀው፦ አበጋዝን። እሱ ሲሞት ደግሞ አንቺን።

ይርገዱ፦ እኔን ደህና አድርገህ ፍራኝ። ቅጹ ይኸው።

ላቀው፦ ይሄ የመሬት ቅጽ ነው እኮ። የባቡር ነገር ምን ሊሠራበት?

ይርገዱ፦ የልዩነቱ ምክንያት አይደል የሚለው? ምክንያቱ ሌላ ነው?

ላቀው፦ ቦታው አንድ መስመር ብቻ ነው። ጠባብ ነው።

ይርገዱ፦ ከማን ጠቦ?

ላቀው፦ ይርጌ፣ ላንቺ በቃል ነገርኩሽ፤ አይበቃም? ወረቀቱን ምን ታደርጊዋለሽ?

ይርገዱ፦ የጡረተኞቹ ማኅበር አዳራሽ የዋናው መስመር ነጂዎች ፎቶ ሲሰቀል የአበጋዝን ይዤ ሄጄ ነበር። ባቡር የገለበጠ አይሰቀልም ብለው መለሱኝ። ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልዬ በዋናው መንገድ ላይ ይዤው ስመለስ ሬሳ የተሸከምኩ ነው የመሰለኝ። ያን ቀን ነው የቆረጥኩት። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይወዳሉ፤ መሬት ቢሮው ማኅተም ሲመታበት ኮፒ አድርጌ እወስድላቸዋለሁ።

ላቀው፦ እዚያ ግድግዳ ላይ የኔ ፎቶ አለ።

ይርገዱ፦ አውቃለሁ። ከፎርማኖቹ መጨረሻ። ካንተ ቀጥሎ የአበጋዝን የሚያህል ቦታ አለ፤ ለክቼዋለሁ።

ላቀው፦ በምን ለካሽው?

ይርገዱ፦ በስንዝር። ምላስ የለውም።

ላቀው፦ ይሄን ካነበቡ የኔን ያወርዱታል።

ይርገዱ፦ ያወርዱት ይሆናል።

ላቀው፦ በርጫው ላይም ከእንግዲህ ማን ያስቀምጠኛል?

ይርገዱ፦ እኔ እንጃ። ዳማ ግን ተምሬያለሁ፤ አበጋዝ አስተምሮኛል። አንተን ሲያሸንፍህ የነበረው በየት በኩል እንደሆነም አውቃለሁ።

ላቀው፦ እና ግንቡስ?

ይርገዱ፦ ባንተ ነው። «ስህተት» ብለህ ከሞላህ ዛሬ ከሰዓት ይፈርሳል፤ የስህተት መሬት አልፈልግም፣ ሃያ አራቷን ሴንቲ አፈሯን ጠርጌ እመልስልሃለሁ። ምክንያቱን ከጻፍክ ይቆማል።

ላቀው፦ መነጽሬ ቤት ነው።

ይርገዱ፦ ግንባርህ ላይ ነው።

ላቀው፦ ይሄ እስክሪብቶ አይጽፍም።

ይርገዱ፦ ሌላም ይዣለሁ። እንካ።

ላቀው፦ ልጁ ይሄን አንብቦ ምን ማለት ነው ቢለኝስ?

ይርገዱ፦ ስልኩን ይጠይቅ። ጻፍክ?

ላቀው፦ እየጻፍኩ ነው፤ አታጣድፊኝ።

ይርገዱ፦ ሠላሳ ስምንት ዓመት ካጣደፍኩህ ይቅርታ።

ላቀው፦ ጻፍኩ። ፈረምኩም።

ይርገዱ፦ አንብብልኝ። ጮክ ብለህ፣ አበጋዝም እንዲሰማ።

ላቀው፦ «የልዩነቱ ምክንያት፦ ኩርባውን ያጠበብኩት እኔ ነኝ፤ አበጋዝ በሠላሳ ነበር የሚነዳው።»